እጅ መሰብሰብ

ዛሬ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ልምምድ ልሄድ አልፈለግሁም ነበር። ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው፣ ምክንያቱን እንጃ። ሄድኩ ግን።

በሁለት እግር መሽከርከሩ አሁን አያስቸግረኝም። ችግሩ አንዱን እግር ሳነሳ ነው። በግራ እግሬ ውጪኛ ጠርዝ ላይ ተጋድሜ እገባለሁ፣ ክቡ እየጠበበ ይመጣል፣ ልክ መዞር ስጀምር ክብደቴ ወደ ፊት ይሸሽና የጫማዬ ስለት አፍንጫ ላይ ያሉት ጥርሶች በረዶውን ይነክሱታል። ስለቱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከፊት ወደ ኋላ በስሱ የጎበጠ ነው፣ የሚዞረውም ከጥርሶቹ ትንሽ ኋላ ባለች ቦታ ላይ ነው። ያቺን ቦታ እግሬ ያውቃታል። መቆየት ነው ያቃተኝ።

ሰባተኛው ይሁን ስምንተኛው ሙከራዬ ላይ አሰልጣኜ ሀ. ከዳር ሆና "እጅሽን ቶሎ አትሰብስቢ!" ብላ ጮኸች።

እኔ እኮ እጅሽን ሰብስቢ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ዕቃ ስነካ፣ ሰው ፊት እጄን እያወናጨፍኩ ሳወራ፣ እማዬ ቃል ሳታወጣ በዓይኗ ብቻ ትለኝ ነበር። እጇን የሰበሰበች ልጅ ጨዋ ናት። አሁን ደግሞ አትሰብስቢ የሚለኝ ሰው መጣ። ሰውነቴ የሚታዘዘው ግን የፊተኛውን ነው፤ በፈራሁ ቁጥር ክንዶቼን ሳላዛቸው ደረቴ ላይ አገኛቸዋለሁ።

ሀ. ልክ ናት። እጅ ሲሰበሰብ ከውጭ የሚጨመር አዲስ ግፊት የለም። ያው ስገባ ያገኘሁት ዙር ነው፣ ክብደቴ ወደ መሃሌ ስለተጠጋ ይፈጥናል እንጂ። ሳይረጋ ከሰበሰብኩ የሚፈጥነው መንገዳገዴ ነው። በረዶው ላይም ተጽፎ ይቀራል። የረጋ ዙር ተደራርቦ አንድ ትንሽ ክብ ይተዋል፤ የእኔ እንደ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት እየሆነ ወደ ጎን ይሄዳል። ጎንበስ ብዬ ሳየው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደንብ ተደራርበዋል። የሸሸሁት ሦስተኛው ላይ ነው።

ስዊዘርላንዳዊቷ ሉሲንዳ ሩህ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ እግር 115 ጊዜ ሳታቋርጥ ዞራለች። ቁጥሩን ድሮም አውቀዋለሁ፤ በፍጥነቷ ነበር የምደነቅ። ዛሬ ግን አንዲት ነጥብ ላይ ያን ያህል መቆየቷ ነው የገረመኝ።

ያን ሥራ የተውኩት ስንተኛው ዙር ላይ ነበር? ከእሱ ጋርስ? "ይቅር፣ ምን አስጨነቀኝ" ብዬ ዝም ያልኩ ቀን ሁሉም ሰው ጨዋነት ነው ብሎኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር። እጄን ለጥቂት ጊዜ ዘርግቼ ብቆይስ? ይረጋ ነበር? ወይስ ከመጀመሪያውም አገባቤ ጠማማ ነበር?

ስሜቴን እንዳላምነው፣ ከቆምኩ በኋላ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወዲያው ስለማይቆም አዳራሹ በዙሪያዬ መዞሩን ይቀጥላል። ዱካውን እንዳላየው፣ ዱካው የሚታየው ከወጣሁበት በኋላ ነው። ታዲያ ውስጡ እያለሁ መርጋቱን በምን ልወቅ?