ከጀልባው ቀድሞ የደረሰ ሰላምታ

ውድ ወዳጆቼና አንባቢዎቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን ሰላምታ በመጽሔታችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልታነቡት ነበር። አልሆነም። የበዓሉ እትም ታትሞ አልቋል፤ ግን አሁንም ከባሕሩ ማዶ ወደብ ላይ ነው ያለው። ንፋስ ሲበረታ ጀልባ አይነሳም። ደሴት ላይ የምንኖር ይህን ለምደነዋል። እስከዚያው መልካም ምኞቴ ቀድሞ ይድረሳችሁ።

ዘንድሮ 12 እትም አወጣን። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አንዷን ለማውጣት ግን ወሩ ሙሉ ይሄዳል። መጽሔታችን ባለ 32 ገጽ ናት። 8 ትልልቅ ወረቀቶች ከመሃል ታጥፈው በሽቦ ይሰፋሉ። አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሚወጣው አንድ ገጽ ብቻ መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ወደ ማተሚያ ቤት ልንልክ ስንል አንድ ማስታወቂያ ከተሰረዘ፣ ያንን ገጽ የሚሞላ ጽሑፍ ሌሊቱን መፈለግ ነው። ከምወዳቸው ጽሑፎች አንዳንዶቹ የተጻፉት እንደዚያ ባሉ ሌሊቶች ነው።

አንዷ ኮፒ 80 ግራም ገደማ ትመዝናለች። በእጅ ሲይዟት ምንም አይደለችም። 500 ኮፒ ሲሆን ግን 40 ኪሎ ነው፤ ከጀልባ ወርዶ በትከሻ የሚሄድ 40 ኪሎ። ካርቶኖቹን በላስቲክ ደጋግመን እንጠቀልላለን። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ጠብታ ውኃ ባይነካው እንኳ የባሕሩ አየር ብቻውን ጠርዙን ያጣምመዋል። ካርቶን ስከፍት መጀመሪያ የማወጣው ከሥር ያለውን ኮፒ ነው። ጥጉን በጣቴ እዳስሳለሁ። ደረቅ ከሆነ ያኔ እፎይ እላለሁ።

«መጽሔት» በግዕዝ መስታወት ማለት ነው። ሌላው ዓለም «ማጋዚን» የሚለው ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እኛ የዕቃ ማከማቻውን «መጋዘን» ከምንለው ጋር ዘሩ አንድ ነው። በ1731 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መውጣት የጀመረ አንድ ወርኃዊ ኅትመት ነው ቃሉን ለዚህ ሥራ ያዋለው፤ የጽሑፍ ማከማቻ ለማለት። እኔ ግን የኛን ቃል ይበልጥ እወደዋለሁ። ትንሽ ቦታ ላይ ሰው መጽሔት የሚገልጠው ራሱን ፍለጋ ነው። የጻፍኩበትን ሰው ደግሞ በማግስቱ ወደቡ ላይ አገኘዋለሁ።

ከወራት በፊት በሐዘን ገጻችን ላይ የአንዲት እናትን ስም አንድ ፊደል ስቼ አወጣሁ። ልጃቸው መጽሔቷን ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። አልተቆጣም። ፊደሏን በእርሳስ አርሟታል። «እማዬ ስሟን እንዲህ ነበር የምትጽፈው» አለኝ። ያቺ ኮፒ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለች። እርማቱን በቀጣዩ እትም በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አተምነው። ከዚያ ወዲህ ስም ሁሉ ለቤተሰቡ በስልክ፣ ፊደል በፊደል ሳይነበብ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም።

ማስታወቂያ የሚሰጠን ሰው ላይ ቅሬታ ሲመጣም እንጽፋለን። ከማተማችን በፊት ግን ደውለን ቃሉን እንቀበላለን። በዚህ ምክንያት የተለዩን ደንበኞች አሉ። ከፊሎቹ ተመልሰዋል፤ ላልተመለሱትም በሩ ክፍት ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። በእጃቸው ጽፈው ወረቀቱን አራት አጥፈው ለሚያመጡልኝ አባቶችና እናቶች። ዝናብ ሲመጣ የራሳቸውን ሻንጣ ውጭ ትተው ካርቶኖቻችንን ወደ ውስጥ ለሚያስገቡት ጀልበኞች። ደሴቱን ለቃችሁ ሄዳችሁም በፖስታ ለምታስመጡ ሁሉ። ከናንተ አንዷ መጀመሪያ የምታነበው የጠፉ ዕቃዎችን ማስታወቂያ እንደሆነ ጽፋልኛለች፤ የሰፈሯን ሰዎች የምታገኛቸው እዚያ ነው። ደብዳቤዋን ካነበብኩ ወዲህ ያቺን ዓምድ ለሌላ ጽሑፍ ብዬ አሳጥሬያት አላውቅም።

ንፋሱ ነገ ከበረደ ካርቶኖቹ ከሰዓት በፊት ይደርሳሉ። ገጽ 14 ላይ ዘንድሮ ያረፉት ወገኖቻችንና ዘንድሮ የተወለዱት ልጆች ስም ጎን ለጎን አለ። ሁሉንም ፊደል በፊደል አንብቤያለሁ። የሳትኩት ካለ በበዓሉም ቀን ቢሆን ኑና ንገሩኝ፤ ቤት ነኝ።

መልካም በዓል!