ሐኪሞቻችን ኤአይን እንዴት ለመዱት?

የደረት ራጅ አንብቦ ቲቢ የሚጠረጥር የኤአይ ሶፍትዌር ወደ ክፍላችን ሲገባ ባልደረቦቼን የማለማመዱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከሥልጠናው በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ይዤ ምን እንደሚያሳስባቸው ጠየቅኩ። ስብሰባ ላይ ቢሆን ሁሉም "ጥሩ ነው" ብሎ ይወጣል።

"ሥራችንን ሊነጥቀን ነው" ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ታዋቂው የኤአይ ተመራማሪ ጄፍሪ ሂንተን በ2016 እ.ኤ.አ. ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ይቁም ካለ ወዲህ ይህ ወሬ በርዶ አያውቅም። እነሱን እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ሌላ ነው፦ ማሽኑ ተሳስቶ ታካሚው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? ፊርማው የሐኪሙ ስለሆነ እውነታቸውን ነው። ጀማሪዎቹ ደግሞ ማሽኑ ያለውን ሁሉ ያምናሉ፤ እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በአንባቢ ሐኪም ምትክ መጠቀም እንደሚቻል መክሯል። ይህን ስነግራቸው ማንም አልተነቃነቀም። ስለዚህ የአክታ ውጤታቸው የታወቀ የራሳችንን የቆዩ ራጆች ሰበሰብኩ፣ የታካሚዎቹን ስም ሰረዝኩና መጀመሪያ ሁሉም የራሱን መልስ እንዲጽፍ፣ ከዚያ የማሽኑን እንድንከፍት አደረግኩ።

አንዱ ራጅ ላይ ማሽኑ የጠረጠረው የቀኝ ሳንባ ጫፍ ቀይ በቀይ ሆነ። አንጋፋው ዶክተራችን "ይሄ የድሮ ጠባሳ ነው" አሉ፤ የቀድሞው ራጅ ሲወጣም ያው ነበር። ሶፍትዌሩ የሚያየው ፎቶውን ብቻ ነው፣ ሰውየው ከዚህ በፊት መታከሙን በምን ይወቅ? ሌላው ላይ ግን ከአንገት አጥንት ሥር የተሸሸገች ትንሽ ነጥብ ሲያሳይ እሳቸው ራሳቸው "እስቲ መልሱት፣ እኔ አላየኋትም" አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ።

ማሽኑ ለራጁ የሚሰጠው የጥርጣሬ ነጥብ ከስንት ሲያልፍ ታካሚው ወደ አክታ ምርመራ ይላክ የሚለውንም እነሱ ወሰኑ። ወሰኑን ዝቅ ካደረጉት የሚያመልጥ ታማሚ ይቀንሳል፣ ላቦራቶሪው ግን ይጨናነቃል፤ ይህን ተከራክረው የተስማሙበትን ነገር ማንም "የእናንተ ማሽን" አይለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ውጤቱ በሌላ ገጽ፣ በሌላ ይለፍ ቃል ሲከፈት ወረፋ ያጣደፈው ሐኪም ዘሎት ያልፍ ነበር። ከራጁ ጎን እንዲወጣ ስናደርግ ያለ ጉትጎታ ማየት ጀመሩ።

አሁን ከማሽኑ ጋር ያልተስማማ ሐኪም ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል። መስመሮቹን በየሳምንቱ አብረን እናያለን፤ የነጥቡንም ወሰን ከእነሱ ተነስተን አስተካክለናል።