መዝሙር በሙዝስኮር ሳዘጋጅ፦ መስመሩ የት ይሰበር?

ባለ አራት ድምፅ መዝሙሮችን የማዘጋጀው በሙዝስኮር፣ በኮምፒውተር የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ኖታ ማስገባቱም ያን ያህል አይከብድም። ጣጣው የሚመጣው ኖታው ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው። ዜማው ልክ ቢሆንም ወረቀቱን የያዘው ዘማሪ ዓይን የሚንከራተት ከሆነ ሥራው ገና ነው።

አጀማመሬ ሁሌም አንድ ነው። ሁለት ስታፍ (ኖታ የሚጻፍበት ባለ አምስት መስመር ረድፍ) እከፍታለሁ፤ ላይኛው ለሁለቱ ቀጫጭን ድምፆች ለሶፕራኖና ለአልቶ፣ ታችኛው ለሁለቱ ወፋፍራም ድምፆች ለቴነርና ለባስ። በአንድ ስታፍ ላይ ሁለት ድምፅ ለየብቻ ለመጻፍ ፕሮግራሙ ቮይስ የሚላቸው መደቦች አሉት፤ ሶፕራኖና ቴነር በቮይስ 1፣ አልቶና ባስ በቮይስ 2 ይገባሉ። ያኔ የአንዱ ጭራ (ከኖታው የሚወጣው ቀጥ ያለ መስመር) ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች በራሱ ይዞራል። ሁለቱን እንደ ኮርድ (በአንድ ጭራ ላይ እንደተደረደሩ ኖታዎች) ደርቦ መጻፍ ይፈጥናል፣ አልቶው ብቻውን መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ሁሉም ይመሰቃቀላል።

ግጥሙ ጊዜ ይበላል። ኮንትሮል ኤል ተጭኖ እዚያው መጻፍ ይቻላል፦ ስፔስ ወደሚቀጥለው ቃል፣ ሰረዝ ወደሚቀጥለው ክፍለ ቃል ይወስዳል። እኔ ግን ግጥሙን ሌላ ቦታ ጽፌ፣ በሰረዝ ከፋፍዬ ኮፒ አደርገዋለሁ። ከዚያ ኮንትሮል ቪን በነካሁ ቁጥር አንድ አንድ ክፍለ ቃል ከኖታው ሥር ይቀመጣል። ለአማርኛ ይሄ መንገድ ተስማምቶኛል፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኖታ የለውማ። «ምስጋና» አራት ፊደል ነው፣ ሲዘመር ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ኖታ ይበቃዋል፦ ምስ-ጋ-ና። ሳድሱ «ስ» ከፊቱ ካለው ጋር ይጣበቃል። «ክብር» ደግሞ ክ-ብር ነው። ይህን አስቀድሞ እያንጎራጎሩ መወሰን ስክሪን ላይ ከመታገል ይሻላል። በግጥሙ አንደኛው ቁጥር (አንቀጽ) አንድ ክፍለ ቃል የሚይዛቸው ሁለት ኖታዎች በሁለተኛው ቁጥር ለሁለት የሚከፈሉበት ቦታም አይጠፋም፤ እዚያ ላይ የተቆራረጠ ስለር (ኖታዎቹን የሚያያይዝ ቅስት) አደርጋለሁ።

ፊደሉንም አትርሱ። የፕሮግራሙ መደበኛ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያገኘውን ይተካል። እኔ ስታይል (የገጹ መልክ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ ለግጥሙ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ። ለሌላ ሰው የምልከው ፒዲኤፉን ነው። ዋናውን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ከከፈቱት አሰላለፉ ሊናድ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለመስመር መስበሪያው ነው። ፕሮግራሙን ከተዉት የቻለውን ያህል ባር (በቁም መስመር የተከለለ የምቶች ስብስብ) በአንድ መስመር ያጭቃል፤ ስንኙ መሃል ላይ ቢቆረጥ ግድ የለውም። ዘማሪው ግን የሚተነፍሰው ስንኙ ሲያልቅ ነው፤ መስመሩም እዚያው ማለቅ አለበት። ባሩ ላይ ሆኖ ኢንተር መጫን ነው፣ በቃ።

ፈተናው ከአራተኛው ምት የሚነሳ መዝሙር ነው። በ4/4 (በየባሩ አራት ምት) ከሆነ ስንኙ የሚያልቀው ሦስተኛው ምት ላይ ስለሆነ፣ መስመሩ ባሩን ለሁለት መክፈል አለበት። አራተኛው ምት ላይ ያለውን ኖታ መርጬ፣ ቱልስ ውስጥ ካለው የሜዠር (የባር) ዝርዝር ባሩን እከፍለዋለሁ፤ ሦስትና አንድ ይሆናል። ከዚያ በመካከል የተፈጠረውን የባር መስመር ቪ ተጭኜ እደብቀዋለሁ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ደግሞ ከባር ቆጠራ አስወጣዋለሁ። ካልወጣ የባር ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል፤ «ከባር 9 እንጀምር» ሲባል ሁሉም የየራሱን ገጽ ያያል።

ቦታ ሲጠብ ቃላቱን በማውስ መጎተት አልወድም። ነገ አንድ ኖታ ቢቀየር ልፋቱ ገደል ይገባል። ርቀቱን ስታይል ውስጥ ማስተካከል ይሻላል። ስታፉን ማሳነስም አለ፣ ግን ፊደሉ አብሮ ስለሚያንስ ብዙ አልገፋበትም። ከአራት ቁጥር በላይ ከኖታው ሥር አልደረድርም፤ የተረፈውን ከታች እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ቅጂ አትሜ ክንዴን ዘርግቼ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረኝ አራተኛው ቁጥር ከቴነሩ ጭራዎች ጋር መጠጋጋቱ ነው። የስታፎቹን ርቀት ትንሽ ከፍ አድርጌ እንደገና አትማለሁ።