14 ቁጥርና የሰመጠው ፏፏቴ

አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ካለችው ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ ስወጣ ሁሉም በ84 አውራ ጎዳና ሂድ ነው የሚለኝ፣ እውነትም ይፈጥናል፣ ግን ጊዜ ካለኝ ወንዙን ተሻግሬ በዋሽንግተን ግዛት በኩል ያለውን ስቴት ሩት 14 የሚባለውን መንገድ ነው የምይዘው። ከቫንኩቨር (የካናዳው ሳይሆን የዋሽንግተኑ) ተነስቶ ኮሎምቢያ ወንዝን ይዞ ወደ 180 ማይል ይሄዳል፣ አብዛኛው ቦታ አንድ መሄጃ አንድ መመለሻ ብቻ ነው። ኬፕ ሆርን ጋ ገደሉን ታክኮ ሲዞር ከፊት ትራክ ከመጣ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ትዝ ይለኛል።

መጀመሪያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጫካና ዝናብ ነው፣ ካስኬድ ተራሮች ዝናቡን እዛው ስለሚያስቀሩት ዋይት ሳልመን የምትባለውን ከተማ አልፈህ ትንሽ እንደሄድክ ዛፉ ይሳሳል፣ ከዛ በቃ ቢጫ ሳርና ጥቁር ድንጋይ።

ላይል ላይ ክሊኪታት ወንዝ ከኮሎምቢያ ይቀላቀላል፣ እዛ ሁሌ መኪና አቆማለሁ። ወንዙ በጠባቡ ድንጋይ መሀል እየተናነቀ ሲወርድ ከላዩ የእንጨት ርብራብ አለ፣ በገመድና በሽቦ ከድንጋዩ ጋር የታሰረ፣ የአገሬው ተወላጆች እሱ ላይ ቆመው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባለ መረብ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ያወጣሉ። ውሃው እግራቸው ስር ነው የሚያገሳው፣ እኔ ዳር ቆሜም ጉልበቴ ይርዳል።

ከዛ ዊሽራም ከፍታ ላይ ስትደርስ ወንዙ ሰፊና ዝም ያለ ሀይቅ ይመስላል። ሴላይሎ የሚባለው ፏፏቴ እዚህ ነበር። ያካማ፣ ዋርም ስፕሪንግስ፣ ዩማቲላና ኔዝ ፐርስ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ለሺህ ዓመታት ዓሣ ያጠመዱበት፣ ከሩቅ አገር ሰው ለንግድ የሚመጣበት ቦታ ነው። መጋቢት 1957 በፈረንጆቹ የዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉና በሰዓታት ውስጥ ሰመጠ። ግድቡ ባይሠራ መብራቱም የጭነት ጀልባውም አይኖርም ነበር፣ ይገባኛል፣ ግን በፈረንጆቹ 2008 ወንዙን ከላይ በድምፅ ሞገድ ሲለኩት ድንጋዩ እንዳለ እታች ቁጭ ብሎ ተገኘ፣ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ያንን ውሃ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እኔ ለህዳሴ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ፣ ሲመረቅም አልቅሻለሁ፣ ዛሬም ደስታዬ ደስታ ነው። እዚህ ስቆም ግን ጉባ አካባቢ ከወንዙ ዳር የተነሱት ሰዎች ይመጡብኛል፣ ስለ ሜጋዋቱ እናወራለን፣ እነሱ ያንን ወንዝ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፣ መጠየቅ አለብኝ ብዬ ወስኛለሁ።

ሴላይሎ መንደር ማዶ ኦሪገን በኩል አሁንም አለ፣ በየጸደዩ የመጀመሪያውን ሳልመን በጋራ በልተው ያመሰግናሉ። በ1957 ልጅ የነበሩ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከነሱ አንዱን አግኝቼ የፏፏቴው ድምፅ እንዴት ነበር፣ ሌሊትስ እንቅልፍ ይሰጥ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቅ በጣም ደስ ይለኛል።