ውኃው በየት ይውጣ?

ፍሬሙ አዲስ፣ ሲሊኮኑ አዲስ፣ ሥዕሉም በሶፍትዌሩ ፍተሻ «ጉድለት የለበትም» የተባለ ነበር። ናሙና መስኮቱ ግን አፈሰሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የዲዛይን ቢሮ የአንድ ሕንፃ የመስኮትና የበር ዲቴይሎችን (ክፍሎቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያሳዩ ዝርዝር ሥዕሎችን) በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚታገዝ ሶፍትዌር ያወጣል። የግድግዳው ንብርብርና ውፍረት፣ የፍሬሙ ዓይነትና ልኬቱ ሲገባለት ሶፍትዌሩ የደፉን (የታችኛውን ጠርዝ)፣ የጎኑንና የአናቱን ሴክሽን (ተቆርጦ ሲታይ ያለውን ሥዕል) ሠርቶ፣ ማስታወሻውን ጽፎ፣ ራሱን በራሱ ፈትሾ ያቀርባል። 22 ዲቴይል በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። በእጅ ቢሆን ሳምንታት የሚበላ ሥራ ነው፤ በዚህ በኩል ሶፍትዌሩን የሚያማው የለም።

የጅምላው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ መስኮት ለናሙና ተገጥሞ በውኃ ተፈተነ። አፈታተኑ የታወቀ ነው። ከ205 እስከ 240 ኪሎፓስካል ባለው ግፊት፣ ከመጋጠሚያው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ለእያንዳንዱ 1.5 ሜትር 5 ደቂቃ ይረጫል። የሚጀመረውም ከታች ነው፤ ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ውኃ ታችኛውን ሁሉ ስለሚያርሰው የቱ ጋ እንደገባ አይለይም።

ደፉ ተረጨ፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ጎኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን በውስጥ በኩል ታች ግራ ጥጉ ላይ ጂፕሰም ቦርዱ ጠቆረ። የሁሉም ዓይን ጎኑ ላይ ተተከለ። ሲሊኮን ተጨመረ፣ እስኪደርቅ ተጠበቀ፣ በማግሥቱ እንደገና ተረጨ፤ እዚያው ጥግ ጠቆረ። አንድ ቀን ሙሉ እንዲሁ ባከነ።

በመጨረሻ ፎርማኑ ጂፕሰሙን ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አነሣው። ከፍሬሙ ሥር የተነጠፈው የላሜራ ትሪ ውኃ ቋጥሯል፤ በፊተኛው ጠርዝ በኩል 8 ሚሊ ሜትር ገደማ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ውኃ በየት ይውጣ?»

«በፊት ለፊቱ ነዋ» አለች አርክቴክቷ።

«ፊቱንማ ድፈኑት ብላችሁናል» ብሎ ሥዕሉን ዘረጋላት። ከዚያም በውጭ በኩል ያለውን ሲሊኮን በቢላ ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ውኃው ቀጭን መስመር ሠርቶ በግድግዳው ላይ ወረደ።

ትሪው የሚነጠፈው ፍሬሙ ያፈሳል ተብሎ ነው። የአልሙኒየም ፍሬም ማዕዘኖቹ ተቆርጠው የተጋጠሙ ናቸው፤ ይዋል ይደር እንጂ ማንጠባጠባቸው አይቀርም። ጎኑ ሲረጭ በፍሬሙ ቦይ የገባው ውኃም በማዕዘኑ መጋጠሚያ ወደ ትሪው ወረደ፤ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ትሪው ያንን ተቀብሎ ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ስለዚህ ፊቱ ክፍት መሆን አለበት። አየር የሚዘጋው ሲሊኮን ቦታው በስተኋላ፣ ፍሬሙ ከትሪው የኋላ ከንፈር (ወደ ላይ ከታጠፈው ጠርዝ) ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። የከንፈሩ ቁመት 25 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ በምክንያት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 9.8 ፓስካል ያህል ስለሚመክት፣ ነፋሱ በ245 ፓስካል ቢገፋ እንኳ ውኃው ከንፈሩ ጫፍ ይደርሳል እንጂ አይሻገርም።

ታዲያ የፊቱ ሲሊኮን ከየት መጣ? የሶፍትዌሩ የለውጥ መዝገብ ሲታይ በመጀመሪያው ረቂቅ ፊቱ ክፍት ነበር። ፍተሻው ግን የውኃ መከላከያውንና የአየር መከላከያውን እንደ አንድ መስመር ይቆጥራል። መስመሩ ደፉ ላይ ሲቋረጥበት «ክፍተት» ብሎ ቀይ አደረገውና በሲሊኮን እንዲደፈን ሐሳብ አቀረበ። አርክቴክቷም ጊዜ ስለጠበባት «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ነካች። ለሶፍትዌሩ ማፍሰሻም ስንጥቅም ያው ክፍተት ነው፤ አንዱ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

ይሄ ሳያንስ ጥጉ ራሱ አልተሣለም። የደፉ ሴክሽን የተቆረጠው በመስኮቱ ወርድ መሐል ላይ ነው፤ የጎኑ ደግሞ በቁመቱ መሐል። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው። ደፍና ጎን የሚገናኙበት ቦታ ግን በአንዱም ውስጥ የለም። ስለዚህ የትሪው ጫፎች ወደ ላይ ሳይታጠፉ ከግድግዳው ጋር በሲሊኮን ብቻ ተያይዘው ቀሩ፤ መውጫ ያጣው ውኃም በዚያ ሾለከ።

ማስተካከያው ከላሜራው ጀመረ። ለ1500 ሚሊ ሜትር ክፍተት በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ተትቶ ትሪው 1490 ይሆናል፤ ለግራና ለቀኝ ጫፍ እጥፋት 50፣ 50 ሲጨመር የሚቆረጠው ርዝመት 1590 ነው። ወርዱ 120፣ የኋላው ከንፈር 25፣ የፊተኛው ጠብታ መጣያ 40፣ በድምሩ 185። ሁለት እጥፋት የሚገናኙበት ነጥብ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ትቀራለች፤ ካልተበየደች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን፣ ሜምብሬኑም፣ በቅደም ተከተል ተቆጠረ፦ መጀመሪያ ደፉ፣ ቀጥሎ ጎኖቹ በደፉ ላይ ተደርበው፣ አናቱ መጨረሻ። ሥዕሉ ላይ ሦስቱም ስለሚታዩ የትኛው ቀድሞ እንደሚለጠፍ በቁጥር ካልተጻፈ ሠራተኛው የቀለለውን ያስቀድማል፤ ከዚያ ላይኛው ከታችኛው ሥር ይገባና ውኃውን ወደ ውስጥ ይመራዋል።

በሶፍትዌሩ በኩል ውኃና አየር ተለያይተው ሁለት መስመር ሆኑ። ማፍሰሻው ባዶ ቦታ መሆኑ ቀርቶ ስምና ልኬት ያለው አካል ሆኖ ገባ፤ አሁን ፍተሻው ከደፈነው አንድ ዕቃ እንደጠፋ ያሳያል። «ሁሉንም ተቀበል» ተዘጋ። ለእያንዳንዱ ክፍተት የታችኛው ጥግ በሦስት አቅጣጫ እንዲሣል ታዘዘ። ከዚህ ሁሉ በኋላም በታተመው ወረቀት ላይ ውኃው በሰማያዊ፣ አየሩ በቀይ እርሳስ ይከተላል። ቀዩ የትም መቋረጥ የለበትም፤ ሰማያዊው ግን ደፉ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ድጋሚ ሲፈተን ውኃው በፊት ለፊቱ ተንጠባጠበ፣ ውስጡ ደረቅ ሆነ። ከ22ቱ ዲቴይሎች በ17ቱ ላይ ያው የፊት ሲሊኮን ተገኝቶ ተነሣ። የበረንዳ በሮቹ ግን ገና አላለቁም፤ እዚያ 25 ሚሊ ሜትሩ ከንፈር እግር ያደናቅፋል። ሶፍትዌሩ ከንፈሩን ወደ 10 አውርዶት ፍተሻውን አሳልፎታል። አርክቴክቷ ግን ሐሳቡን መልሳ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ወለል ዝቅ እንዲልና ከደፉ ፊት ፍርግርግ የለበሰ ማፍሰሻ እንዲገባ በእጇ እየሣለች ነው።