ንብ የጠበቃት ሥላሴ

ጠዋት ጎንደር ቁስቋም ወጣሁ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ ነው። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያ ግን የለውም። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም እዚያው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ሦስት ነገሥታት በአንድ ሣጥን! ቶሎ ወጣሁ።

ቁስቋምን ያቃጠለው ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ነው፣ በ1880 ዓ.ም.። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሣር ውኃ ላይ ሲሸነፉ ለጎንደር የሚደርስላት ጠፋ። አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ ወደዚያ ሄድኩ።

ደብሩን የተከለው የፋሲል የልጅ ልጅ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ (አድያም ሰገድ) ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ያኔ የተሠራችው ክብ ነበረች። መብረቅ መታት ይላሉ። ዛሬ የምናያት ባለ አራት ማዕዘኗ ኋላ የመጣች ናት። እኔ እስካሁን ኢያሱ ራሱ የቆመባት ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ቅሬታው ጫማዬን አውልቄ እስክገባ ነው። ቀና አልኩ። ጣሪያው ሙሉ መላእክት ነው፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ በረድፍ በረድፍ። መቁጠር ጀመርኩ። ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ አሁንም ጠፋብኝ፣ አንገቴን ሲያመኝ ተውኩት። ከሩቅ ሁሉም አንድ ናቸው። ቆየት ብለው ሲያዩአቸው ግን አንዱ ኮስተር ብሏል፣ አንዱ ሊስቅ ነው፣ አንዱ ደግሞ ቁርጥ የአክስቴን ልጅ! ዓይናቸው ትልልቅ ስለሆነ የትም ብቆም የሚያዩኝ መሰለኝ። ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴ በሦስት ሽማግሌ አምሳል እኩል ተሥለዋል፤ ስቅለቱም እዚያው ነው። ስልኬን ሳወጣ አንድ ዲያቆን «ፍላሹን አጥፊው እህቴ፣ ቀለሙን ይጎዳዋል» አለኝ። አጠፋሁ።

ውጭ፣ ከጽዱ ጥላ ሥር አንድ አባት ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልሜ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አባ፣ ይቺን እንዴት ሳያቃጥሏት ቀሩ?»

«ንቡ ነዋ ልጄ! ድርቡሽ በሩ ላይ ሲደርስ ንቡ ግር ብሎ ወጣበት። እግሬ አውጪኝ አለ።»

ጎንደር ውስጥ ይህን የማይነግርህ ሰው የለም። ግን እንደሳቸው እጁን እያወናጨፈ የነገረኝ አልነበረም።

«ንቦቹስ አሁን አሉ?»

ግንቡን ዙሪያውን አዩት።

«ድርቡሽ ከመጣ ይመጣሉ» አሉና ሳቁ።