«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ቱሉ ዲምቱ ስንገባ ሰፈሩ ገና ነበር፤ የመንገድ መብራት የለም። ማታ ከታክሲ ወርጄ እስከ ብሎካችን ስሄድ ሰው ሁሉ እየተጫወተ ያልፈኛል፣ እኔ ግን በድንጋዩና በጉድጓዱ እየተደናቀፍኩ እወድቃለሁ። ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ። አብሬያት የምኖረው አክስቴ «ዳፍንት ነው ልጄ፣ ጉበት ብዪ» አለችኝ። ጉበቱንም ካሮቱንም በላሁ። ከዚያ ከጎን የሚመጣ ሰው ድንገት ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኝ ጀመር፤ አንድ ቀን ከባጃጅ ለጥቂት ተረፍኩ።

ሁለት የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ስላነበብኩ አንዱ ጋ «ደህና ነዎት» ተባልኩ፣ ሌላው ጋ መነጽር ሸጡልኝ። ሁለቱም ቦታ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለውኛል። አክስቴ አጠገቤ ነበረች፣ አታውቅም። «የለም» አልኩ።

ነበረ እንጂ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው አልሠራ ሲለኝ በ2000 ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒቶች ተዛወርኩ። ከዚያ ውስጥ አንዱ በባዶ ሆድ የሚዋጠው ዲዳኖሲን ነበር። አራት ዓመት ወሰድኩት፣ ተቀየረልኝ፣ ረሳሁት።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ከመሄዴ በፊት ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተሯን ለመንኳት። የድሮ ካርዴን አስወጥታ ከመጀመሪያው ጀምሮ የወሰድኩትን ሁሉ ከነዓመቱ በወረቀት ጻፈችልኝ። የዓይን ሐኪሟ ጋ ስደርስ «እቴቴ፣ ውጭ ጠብቂኝ» አልኩና ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሐኪሟ ዲዳኖሲን የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጠብታ ጨምራ ብሌኔን አሰፋችና የሬቲናዬን፣ ማለት ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ዳር ዳር አየች። ጉዳቱ እዚያ ነበር።

መድኃኒቱ የሚያጠቃው የሬቲናን ዳርቻ ነው፤ መሃሉን ስለሚተው ሰሌዳ ማንበብ አይከለክልም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ በሕፃናት ላይ ታይቶ ነበር። ካቆሙት በኋላም ጉዳቱ ሊቀጥል ይችላል፤ የጠፋው አይመለስም። አሁን የምወስደው ውስጥ ያለው ሪቶናቪርም አልፎ አልፎ የሬቲናን መሃል እንደሚነካ ነግራኝ በየዓመቱ እንድታይ ቀጠረችኝ።

በድንጋጤ ክኒኑን ሁሉ ልጥለው አስቤ ነበር። ሐኪሟ ቆጣ አለች፦ መድኃኒት ቆሞ ሲዲፎር የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሴል ቁጥር ከ50 በታች ሲወርድ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ ራሱ ሬቲናን በልቶ ያሳውራል። መቀየር ካለበት የሚቀይረው ሐኪም ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ዝርዝራችሁን አስጽፉ፣ ያቆማችሁትንም ጭምር። የቲቢ መድኃኒት ወስዳችሁ ከሆነ እሱንም፤ ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭ ይጎዳል። ነገራችሁን የማያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ እንዲወጣ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። እኔ በአንዲት «የለም» ሁለት ዓመት አባክኛለሁ።

አሁን መንገድ ከማቋረጤ በፊት አንገቴን ወዲያና ወዲህ አዞራለሁ፤ ባትሪ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ለአክስቴ የነገርኳት በዚያው ሳምንት ነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ያኔ ጠዋት ጠዋት ቁርስ እምቢ የምትዪው ለዚህ ነበር? እኔ እኮ ስእለት ገብታ ነው እያልኩ ዳቦሽን ሸፍኜ አስቀምጥልሽ ነበር» አለችኝ።